ጂቲ መኪና ስትመርጡ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ

«ጂቲ» የሚሉት ፊደላት ኋላው ላይ ስለተለጠፉ ብቻ መኪናው ጂቲ አይሆንም። ኩባንያዎቹ ከትንሽ የከተማ መኪና ጀምሮ ያልለጠፉበት የለም። እዚህ የማወራው ስለ እውነተኛው ግራን ቱሪሞ ነው። ሁለት ሰው ከነሻንጣው ጭኖ በአንድ ቀን 800፣ ካስፈለገም 1,000 ኪሎ ሜትር በፍጥነት የሚሄድ፣ ስትደርሱም ወገባችሁን ይዛችሁ እንድትወርዱ የማያደርግ መኪና።

ይህን ዓይነት መኪና የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው «ከዜሮ እስከ 100 በስንት ሰከንድ?» ብሎ ነው። ቁጥሩ ለወሬ ይመቻል። መንገድ ላይ ግን በቀን ስንቴ ትጠቀሙበታላችሁ? ከምር የሚጠቅመው ጥያቄ አራተኛው ሰዓት ላይ ሰውነታችሁ ምን ይላል የሚለው ነው።

ታሪኩም ይህንኑ ያሳያል። ላንቺያ አውሬሊያ ቢ20 ጂቲ እ.ኤ.አ. በ1951 ሲወጣ ሞተሩ ባለ 2 ሊትር ቪ6 (ስድስት ሲሊንደሮቹ በV ቅርጽ የተደረደሩ) ነበር፣ ጉልበቱ 75 ፈረስ ብቻ። ዛሬ በዚህ ጉልበት የሚኩራራ የለም። ግን በዚያው ዓመት በጣሊያኑ የሚሌ ሚሊያ ውድድር፣ ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቶ፣ በጠቅላላ ውጤት ሁለተኛ ወጣ። የቀደመው ባለ 4.1 ሊትር ፌራሪ ነው፤ ሞተሩ እጥፍ የሚሆን። ላንቺያውን እዚያ ያደረሰው ሚዛኑ ነው። ካምቢዮው ከኋላ ስለተቀመጠ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ ተከፋፍሏል፣ አራቱም ጎማዎች ደግሞ የመንገዱን ጉድጓድ ለየብቻቸው ይቀበላሉ። በቀጣዩ ዓመት የመጣው ቤንትሌይ አር ታይፕ ኮንቲኔንታል ደግሞ አራት ሰው ይዞ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እየሄደ መዝለቅ ይችል ነበር።

ሞተር ሳታስነሱ ግማሽ ሰዓት

መኪናው ቆሞ እያለ ግቡና ተቀመጡ። ሁለት ደቂቃ አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት። ሻጩ ይሰለቻል፣ ይሰልች።

የኋላ ኪሳችሁ ውስጥ ያለውን ቦርሳ አውጡ። ዳሌያችሁን እስከ ወንበሩ መደገፊያ ድረስ ወደ ኋላ ገፍታችሁ ጀርባችሁን ከወንበሩ ጋር አጣብቁ። ፍሬኑን እስከ ታች ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ መታጠፍ አለበት፤ ቀጥ ካለ ወንበሩ ርቋል። ትከሻችሁ ከወንበሩ ሳይነሳ እጃችሁን ዘርግታችሁ የእጅ አንጓችሁን መሪው አናት ላይ አድርጉ። የማይደርስ ከሆነና መሪው ወደ እናንተ የማይሳብ ከሆነ፣ መኪናው የቱንም ያህል ቢያምር ለእናንተ አልተሠራም። የራስ መደገፊያው አናት ከራሳችሁ አናት ጋር እኩል ይሁን።

ፖርሽ 928 እ.ኤ.አ. በ1977 ሲወጣ መሪውን ከፍ ዝቅ ስታደርጉ የፍጥነት መለኪያውና ሌሎቹ ጌጆች አብረውት ይንቀሳቀሱ ነበር። ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ለራሳችሁ በሚመች ቦታ ተቀምጣችሁ መሪው ጌጁን አይጋርድባችሁም ማለት ነው። መኪናው በ1978 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብሎ ሲመረጥ ብዙ ሰው ገርሞት ነበር፣ እኔ ግን እንዲህ ዓይነቱን ዝርዝር ሳይ አይገርመኝም።

አሁን ዝም ብላችሁ ቆዩ፣ ሙዚቃ ክፈቱ፣ አውሩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ጭናችሁ ሥር ክፍተት አለ? ታችኛው ወገባችሁ ድጋፍ ይፈልጋል? ግራ እግራችሁ የሚያርፍበት ቦታ አለው? ፔዳሎቹ ወደ አንድ ጎን ዞረው ሰውነታችሁን እየጠመዘዙት አይደለም? ጎንና ጎኑ ከፍ ያለ የውድድር ወንበር መጀመሪያ ሲያቅፋችሁ ደስ ይላል፣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ግን ጎድናችሁን መቆንጠጥ ይጀምራል። የሚያምር ወንበርና የሚመች ወንበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ፎቶ ላይ የሚታየው ደግሞ የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ከኋላ ያሉትን ሁለት ወንበሮች በተመለከተ ብዙ አልልም። «ለትልቅ ሰው ይበቃሉ» ከተባላችሁ የተናገረውን ሰው እዚያ አስቀምጡትና ከፊቱ ያለውን ወንበር በራሳችሁ ልክ አስተካክሉት። አብዛኞቹ ለቦርሳ ነው የሚያገለግሉት።

ሬዲዮ ዝጉ

የሙከራ መንዳቱን ከተማ ውስጥ አታድርጉት። ከተማ ውስጥ ሁሉም መኪና ይመቻል። ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ውጡና ሕጉ በሚፈቅደው፣ ለምሳሌ በ110 ወይም በ120፣ ሳትጨምሩ ሳትቀንሱ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱ። መስኮት ዝጉ፣ ሬዲዮ ዝጉ፣ አጠገባችሁ ከተቀመጠው ሰው ጋር በተለመደው ድምፃችሁ አውሩ። ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካስፈለጋችሁ ያ መኪና ማታ ራስ ምታት ይዞ ይጠብቃችኋል።

የሚያደክመው ድምፅ ሰው እንደሚያስበው የሞተሩ ጩኸት አይደለም። ሞተሩ ሲጮህ ለአጭር ጊዜ ነው፣ ያውም ደስ ይላል። የሚያደክመው ሳያቋርጥ የሚያጉተመትመው ነው፤ የሰፋፊ ጎማዎች ድምፅ፣ በበሩ ጎማ በኩል የሚያፏጭ ነፋስ፣ በአንድ የተወሰነ የሞተር ዙር ላይ የሚያስተጋባ ማርሚታ። በተለይ የቀድሞው ባለቤት ማርሚታውን አውጥቶ የሚጮህ አስገጥሞበት ከሆነ ተጠንቀቁ። ያ ድምፅ ለመንገደኛ ነው የተገጠመው፣ ለእናንተ አይደለም።

የዙር መለኪያውንም እዩት። በ120 ስትሄዱ ሞተሩ በደቂቃ 2,000 ዙር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 3,500 ላይ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ትውላላችሁ። ሌክሰስ ኤልሲ 500 ላይ ባለ 5 ሊትር ቪ8 ሞተርና ባለ አሥር ማርሽ ካምቢዮ የተገናኙት ለዚህ ነው፤ ላይኞቹ ማርሾች የተሠሩት ሞተሩ እንዲያርፍ ነው። ከዚያ ማርሽ ሳትቀንሱ ከ90 ወደ 120 ለመድረስ ሞክሩ። ጂቲ ሞተር ጉልበቱን ከታች ነው መስጠት ያለበት። ጭነት መኪና ለማለፍ በፈለጋችሁ ቁጥር ካምቢዮው ሦስት ማርሽ ወርዶ የሚጮህ ከሆነ ይሰለቻችኋል።

ጉብታውና መሪው

ጉብታ ላይ ስታልፉ መኪናው አንዴ ዝቅ ብሎ አንዴ ተነስቶ መረጋጋት አለበት። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ከዘለለ ሾክ አብዞርበሩ አልቋል ወይም ሲሠራም ደካማ ነው። ጭራሽ የማይዘልና ጉድጓዱን ሁሉ ወደ አከርካሪያችሁ የሚልክ ከሆነ ደግሞ የስፖርት መኪና እንጂ ጂቲ አይደለም። እዚህ ላይ የቸርኬው መጠን ብዙ ያጣላል። ያው ሞዴል በ19 ኢንች እና በ21 ኢንች ጎማ ሲቀርብ ሁለቱንም ንዱ። ትልቁ ፎቶ ላይ ያምራል፣ ትንሹ መንገድ ላይ ያምራል። እኔ ሁልጊዜ ትንሹን እመርጣለሁ።

መሪውን ደግሞ በቀጥታ መንገድ ላይ ነው የምትፈትሹት። ቀጥ ብሎ መሄድ ሳይችል በየሰከንዱ ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ቀኝ እያላችሁ የምታስተካክሉት መኪና ሳታውቁት አእምሯችሁን ይጨርሰዋል። ሲትሮኤን ለዚህ ያመጣው መፍትሔ እስከ ዛሬ ከሚገርሙኝ አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሲትሮኤን ኤስኤም፣ የማዜራቲ ቪ6 ሞተር የተገጠመለት፣ መሪው ስትቆሙ በጣት የሚዞር፣ ፍጥነት ስትጨምሩ ደግሞ በራሱ እየከበደ የሚሄድ ነበር። ስትለቁትም በራሱ ወደ መሐል ይመለሳል። ሞላ የለውም፤ በዘይትና በጋዝ ግፊት ነው የሚንሳፈፈው። አምስት ዓመት ያህል ብቻ ተመርቶ ቆመ። ዛሬ ብትገዙት መካኒኩን አብራችሁ ብትገዙ ይሻላል።

ነዳጅና ሻንጣ

ጂቲ በየሁለት ሰዓቱ ማደያ መቆም የለበትም። ሒሳቡ ቀላል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የመጣው ቤንትሌይ ኮንቲኔንታል ጂቲ 90 ሊትር ነዳጅ ይይዛል። በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ቢጠጣ 600 ኪሎ ሜትር ይወስዳችኋል፤ ለጥንቃቄ 500 በሉት። ለምትገዙት መኪና ይህንኑ አስሉ፣ ግን በኩባንያው ቁጥር ሳይሆን በሙከራው ላይ ባያችሁት ፍጆታ።

ፍጥነት ነዳጅ እንዴት እንደሚበላም እወቁ። የነፋስ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፣ በፍጥነቱ ካሬ ነው የሚያድገው። ከ130 ወደ 160 ስትሄዱ ፍጥነታችሁ ሩብ እንኳ አልጨመረም፣ የነፋሱ ግፊት ግን አንድ ተኩል እጥፍ ሆኗል። የፍጥነት ገደብ በሌለባቸው የጀርመን አውቶባኖች ክፍሎች ላይ እንኳ የሚመከረው 130 ነው። ከዚያ በላይ ያተረፋችሁትን ደቂቃ ማደያ ላይ ትመልሱታላችሁ።

በኤሌክትሪክ ለሚሠሩት ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ፖርሽ ታይካን በ800 ቮልት የተሠራው በፍጥነት እንዲሞላ ነው። በማስታወቂያው ላይ ያለውን ርቀት እርሱት። የምትጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ ከ10 እስከ 80 በመቶ ለመሙላት ስንት ደቂቃ ይፈጃል፣ በ120 ሲነዳ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል? በብርድ ደግሞ ሁለቱም እንደሚበላሹ አስቡ።

ሻንጣችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የዕቃ መጫኛውን በሊትር የሚገልጸው ቁጥር ቅርጹን አይነግራችሁም፤ አፉ ጠባብ ሆኖ ጠንካራ ሻንጣ የማያስገባ አለ። እንዲህ ከሆነ ለስላሳ የጨርቅ ቦርሳ ያዋጣል።

ያገለገለ ከሆነ

ብዙዎቻችን ጂቲ የምንገዛው አርጅቶ ዋጋው ሲወርድ ነው። ችግሩ የመኪናው ዋጋ ይወርዳል እንጂ የመለዋወጫው አይወርድም። የአሥራ ሁለት ሲሊንደር መኪና ፍሬን ምንጊዜም የአሥራ ሁለት ሲሊንደር መኪና ፍሬን ነው።

ኪሎ ሜትሩ ትንሽ ስለሆነ አትደሰቱ። ቆሞ የኖረ መኪና ጎማው ይደርቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ ጋስኬቱ ያንጠባጥባል። ብዙ የተነዳ ግን በየዓመቱ ሰርቪስ መደረጉ በወረቀት የተመዘገበለት ይሻላል። ታይሚንግ ቺንጋ (የፒስተንና የቫልቭን እንቅስቃሴ የሚያቀናጀው ቀበቶ) ያለው ከሆነ በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመትም እንደሚቀየር አስታውሱ፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፣ ከዚያ በኋላ የምታወሩት ስለ ሞተር ግዢ ነው።

ሞዴሉ ራሱ የታወቀ በሽታ ካለው አስቀድማችሁ እወቁት። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው ጃጓር ኤክስኬ8 የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ የታይሚንግ ካቴናውን የሚወጥረው ክፍል ፕላስቲክ ነበር፤ ይሰነጠቃል። መቀየሩን የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቁ። በኮንቲኔንታል ጂቲ ደግሞ ባለ 12 ሲሊንደሩ ሞተር ኮፈኑ ሥር ተጨናንቆ ስለተቀመጠ፣ ለአንዳንድ ጥገና ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መውረድ አለበት። የእጅ ዋጋው ከዕቃው ይበልጣል። በሞላ ፈንታ በአየር የሚቆም መኪና ከሆነ ማታ ባለበት ይደር፣ ጠዋት ሄዳችሁ አራቱንም ማዕዘን እዩ። አንዱ ወርዶ ካደረ አየር ያፈሳል።

ጎማው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 2319 ካለ በ2019 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ አዲስ ሆኖ ዕድሜው የገፋ ጎማ በእነዚህ መኪኖች ላይ የተለመደ ነው፣ በፍጥነት ለመሄድ ደግሞ አይታመንም። ጎማው የሚችለውን ከፍተኛ ፍጥነት የሚያመለክተው ፊደልም ይታይ፦ ቪ (V) እስከ 240፣ ደብልዩ (W) እስከ 270፣ ዋይ (Y) እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። አራቱ ጎማ አራት ዓይነት ከሆነ ባለቤቱ ሌላውንም ነገር እንዲያው ነው የያዘው።

የጉዞው ቀን

የጎማ አየር ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ለኩ። የሾፌሩ በር ጋ ባለው ሠንጠረዥ ላይ ለሙሉ ጭነት የተጻፈው ልኬት ለብቻው አለ፤ ሻንጣና ሰው ከሞላ እሱን ነው የምትከተሉት። የመኪናውን ሙቀት ትንሽ ቀዝቀዝ አድርጉት፣ ሞቅ ሲል እንቅልፍ ይመጣል። በየሁለት ሰዓቱ 15 ደቂቃ ውረዱና ተራመዱ፣ ባይደክማችሁም። እንቅልፍ ከመጣ መስኮት መክፈት አያድንም፤ አስተማማኝ ቦታ ቆማችሁ ለ20 ደቂቃ ተኙ። በ130 ስትሄዱ መኪናው በሰከንድ 36 ሜትር ይሄዳል። ስልክ ለማየት ሁለት ሰከንድ ዓይናችሁን ካነሳችሁ ከ70 ሜትር በላይ በጭፍን ነድታችኋል።

ነዳጅ ስትሞሉ የሞተር ዘይቱንም እዩ። ትልልቅ ሞተሮች በረጅም ፍጥነት ጉዞ ላይ ዘይት መጠጣታቸው የተለመደ ስለሆነ አንድ ሊትር ትክክለኛው ዓይነት ዘይት ከኋላ ይኑር። ቱርቦ ያለው ከሆነ ደግሞ መድረሻችሁ ሲቃረብ የመጨረሻዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ረገብ ብላችሁ ንዱና ነው የምታጠፉት፤ በቀይ ሙቀት ላይ ድንገት ካጠፋችሁት ውስጡ የቀረው ዘይት ይቃጠላል።