አሮጌዋ አውሮፕላን በታኅሣሥ ብርድ ለምን አልነሳም አለች?

ባለፈው ታኅሣሥ ከባሕር ዳር በትንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ልንሄድ ነበር። ጠዋት 12 ሰዓት ደረስን፤ የተነሳነው 3 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሥራ ስላልነበረኝ መካኒኩን በጥያቄ ሳደርቀው ቆየሁ። የነገረኝን በሚታየው ምልክት ከፋፍዬ እነሆ።

ፕሮፔለሩ አንድ ሁለቴ ዞሮ ይቆማል
እኛን የገጠመን ይኸው ነው። ባሕር ዳርም ሞቃት ናት ብትባል በታኅሣሥ ንጋት ከ10 ዲግሪ በታች ትወርዳለች። ብርዱ ባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካል ያዘገየዋል፤ የሞተሩን ዘይት ደግሞ ያወፍረዋል። እንግዲህ ባትሪው በደከመበት ሰዓት ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) የባሰ ጉልበት ይፈልጋል። አዲስ ባትሪ ይችለዋል። ያረጀው እጁን ይሰጣል። አጠገቤ ጋቢ የተከናነቡ አባት «ጉንፋን ይዞታል» አሉ፤ ብዙም አልተሳሳቱ።

ደጋግሞ መሞከር ሞተሪኖውን ያቃጥላል። ኃይል ከውጭ ማገናኘት፣ ሞተሩን ቀድሞ ማሞቅ ነው የሚበጀው። ማታውኑ ባትሪውን ፈትቶ ሙቅ ክፍል ማሳደርም ይቻል ነበር። ያን ማታ ግን ማን አስታውሶ!

ሞተሩ ተነስቶ፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ያጓራል
ዘይቱ እስኪሞቅ ነው። ተዉት።

አብራሪው ክንፉ ሥር ነዳጅ በብርጭቆ ይቀዳል
ታንኩ ጎዶሎ ሆኖ ካደረ፣ ውስጡ ያለው እርጥብ አየር በሌሊቱ ቅዝቃዜ ውሃ ይሆናል። ውሃ ከነዳጅ ስለሚከብድ ታች ይዘቅጣል፤ ሞተር ውስጥ ከገባ ደግሞ አየር ላይ ያጠፋዋል። ውሃው እስኪያልቅ ይቀዳል። ማታ ታንኩን ሞልቶ ማሳደር ይህን ጣጣ ይቀንሳል።

ሁሉም ደህና ነው፣ ግን አይበርም
ወደ ጣና ዞር በሉ። ጉሙ ካልተገለጠ መካኒክ ምንም አያደርግም፤ ፀሐይ እስክትበረታ ሻይ ጠጡ።

ክንፉ ነጣ ብሏል
ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አብዛኛውን ጊዜ ጠል ብቻ ነው። ወደ ደብረ ማርቆስና ወደ ጮቄ ግርጌ ከፍ ሲባል ግን ውርጭ ይሆናል። ስስ ነው ተብሎ አይናቅም፤ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሻከረ ውርጭ የክንፉን የማንሳት አቅም እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ፀሐይ ታቅልጠው፣ ወይም ተጠርጎ ይድረቅ። ሙቅ ውሃ አይደፋበትም፤ መልሶ በረዶ ይሆናል። ይህን እያየ «ግድ የለም፣ ግቡ» የሚል አብራሪ ከገጠማችሁ፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ወደ መናኸሪያ።