የአዲስ ትሬይለር ጣሪያ ሲያፈስ፦ ዋስትናውን ከእጅ የሚያስወጡ ስህተቶች

በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት፣ አሜሪካ ውስጥ ትራቭል ትሬይለር የሚባለው፣ ጣሪያው ከታች ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል። ላዩ ግን ብዙውን ጊዜ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ከሥሩ ስስ ፕላይውድ፣ ከዚያ ማገሮችና የሙቀት መከላከያ፣ በመጨረሻም ኮርኒሱ ይመጣል። ይህ ስስ ሽፋን ለአየር ማስወጫ፣ ለጣሪያ መስኮት፣ ለኤሲ፣ ለፍሳሽ ቱቦ መተንፈሻ፣ ለአንቴናና ለመሰላል ሲባል ብዙ ቦታ ይበሳል። ቀዳዳው ሁሉ የሚዘጋው ሠራተኛ በእጁ ጨምቆ በሚያፈሰው ማሸጊያ ነው። ስለዚህ ትሬይለሩ ከፋብሪካ ትናንት ቢወጣም ጣሪያው አያፈስም ብሎ መተማመን አይቻልም። ዋስትናው ያለውም ለዚህ ነው። ችግሩ ብዙ ባለቤቶች ጉድለቱ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ማሳየት አቅቷቸው ወይም ጊዜው አልፎባቸው ከኪሳቸው ይከፍላሉ።

ጣሪያውን ሳያዩ መረከብ

በርክክቡ ቀን ሻጩ ምድጃውን፣ መብራቱን፣ የውሃውን ፓምፕ አንድ በአንድ ያሳያል። ጣሪያውን የሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። መሰላል ይጠይቁ። ጣሪያው ሰው እንደሚሸከም መመሪያው ላይ ሳያረጋግጡ አይርገጡት፤ ከመሰላሉ ሳይወርዱ ዙሪያውን ማየት ይበቃል።

የማሸጊያው መስመር ሳይቆራረጥ መሄድ፣ የቪቴዎቹን ጭንቅላት በሙሉ መሸፈን፣ በግራም በቀኝም ጠርዙ ከሽፋኑ ጋር መጣበቅ አለበት። ጠርዙን በጥፍርዎ ቀስ ብለው ይንኩት። እንደ ደረቀ ቁስል ቅርፊት ብድግ ካለ አልያዘም ማለት ነው። ላዩ ላይ ብቻ የሚታዩ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ገና ውሃ አያስገቡም፤ የተነሳ ጠርዝ ግን ያስገባል። ይበልጥ ትኩረት የሚፈልጉት የፊተኛው ግንባር ከጣሪያው ጋር የሚጋጠምበት መስመር፣ የኋላው መጋጠሚያና በሁለቱም ጎን ከአሸንዳው በላይ ያለው ጠርዝ ናቸው። ትሬይለሩ ሲጎተት አካሉ ስለሚጠማዘዝ መጀመሪያ የሚላቀቁት እነዚህ መጋጠሚያዎች ናቸው።

ከሽፋኑ ሥር ሹል ጉብታ ካዩ፣ ወደ ላይ የወጣ ቪቴ ወይም ሲሠራ የቀረ የእንጨት ስንጣሪ ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ሽፋኑን ከሥር ይበሳዋል። ሰፋ ያለ ለስላሳ እብጠት ደግሞ ማጣበቂያው ያልያዘበት ቦታ ነው። አንዳንድ አምራቾች ትንንሹን እብጠት እንደ ጉድለት አይቆጥሩትም፤ ስለዚህ አጠገቡ ማስመሪያ አስቀምጠው ፎቶ ያንሱት። ከሁለት ጉዞ በኋላ ሰፍቶ ከተገኘ ለክርክር የሚሆን ማስረጃ በእጅዎ አለ።

ዝናብ በሌለበት ወቅት የሚረከቡ ከሆነ የአየር ግፊት ፍተሻ እንዲሠራልዎ ይጠይቁ። ማራገቢያ ወደ ውስጥ አየር እየነፋ ቤቱን በጥቂቱ ይወጥረዋል፤ ውጭ ያሉት መጋጠሚያዎች ላይ የሳሙና ውሃ ሲረጭ አየር የሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ያወጣል። ያዩትን ሁሉ ከመፈረምዎ በፊት በርክክብ ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ። «በኋላ እናስተካክለዋለን» የሚለው ቃል ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ዋጋ የለውም።

«ጣሪያው የ12 ዓመት ዋስትና አለው» በሚለው መዘናጋት

ሻጮች ደጋግመው የሚጠቅሱት ይህ ረጅም ዋስትና ብዙውን ጊዜ የሽፋኑ አምራች የሚሰጠው ነው፤ የሚመለከተውም ቁሱን ብቻ ነው። ጎማው ራሱ ያለጊዜው ቢሰነጠቅ ይሠራል። ሠራተኛው ማሸጊያውን አሳንሶት በመጋጠሚያው ውሃ ከገባ ግን የሽፋኑ አምራች «የኔ ቁስ ደህና ነው» ይላል፤ እውነቱንም ነው። የአሠራር ጉድለት የሚሸፈነው በትሬይለሩ አምራች ዋስትና ነው። እሱ ደግሞ በአብዛኛው ከግዢው ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ብቻ ነው፤ አንዳንዶች ለአካሉ 2 ወይም 3 ዓመት ይጨምራሉ። ኤሲው፣ ማራገቢያውና የውጭው መጋረጃ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው አምራችና የየራሳቸው ወረቀት አላቸው።

ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው ስለ ማሸጊያ የሚያወሩትን መስመሮች ያስምሩባቸው። ብዙ አምራቾች ማሸጊያን መፈተሽና ማደስ የባለቤቱ ሥራ ነው ይላሉ፤ አንዳንዶቹ ለማስተካከያ የሚሰጡት ጊዜ 90 ቀን ብቻ ነው። ይህን በ4ኛው ወር ማወቅ ያናድዳል።

የፍተሻ መዝገብ አለመያዝ

መመሪያዎቹ ጣሪያው በየ90 ቀኑ፣ አንዳንዴም በየ6 ወሩ እንዲታይ ያዛሉ። ካልታየ የዋስትና ጥያቄው «በጥገና ጉድለት» ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በየጊዜው ከአራቱም ማዕዘን አንዳንድ፣ ከእያንዳንዱ ቀዳዳ አንዳንድ ፎቶ፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ። ስልኩ ቀኑን ራሱ ይመዘግባል።

ማንም ሳያየው በራስ መድፈን

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ነው፤ የሚሠራውም በቅንነት ነው። ውሃ ሲንጠባጠብ ማንም ዝም ብሎ አያይም። አንድ ቱቦ ሲሊኮን ተገዝቶ ቀዳዳው ይደፈናል። ከዚያ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ጉድለቱ ከፋብሪካ መምጣቱን የሚያሳየው ማስረጃ ተሸፈነ። ሁለተኛ፣ አምራቹ «ባለቤቱ ነካክቶታል» ለማለት በር ተከፈተለት። ሦስተኛው የቁስ ጉዳይ ነው፦ ሲሊኮን ላይ ሌላ ማሸጊያ አይይዝም። በኋላ የሚመጣው ባለሙያ እያንዳንዷን ቅሪት ፍቆ ማንሳት አለበት፤ ሲፍቅ ደግሞ ሽፋኑን ሊቀድ ይችላል።

በሌላ በኩል፣ ውሃው ሲገባ እጅን አጣጥፎ መቀመጥም አያዋጣም፤ ዋስትናዎች ባለቤቱ ጉዳቱ እንዳይባባስ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠብቃሉ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። መጀመሪያ ከሩቅም ከቅርብም ፎቶና ቪዲዮ ያንሱ። ቀጥሎ ለሻጩና ለአምራቹ በዚያው ቀን ኢሜይል ይላኩ። ከዚያ በሸራ ይሸፍኑ። ከሸራው ሥር በየጠርዙ ፎጣ ወይም ስፖንጅ ያድርጉ፤ ነፋስ የሚያርገበግበው ሸራ ሽፋኑን ፍቆ ሊበሳው ይችላል። ሸራ ለብሶ መንገድ መውጣት ፈጽሞ አይሞከርም።

ሸራ የማይበቃበት ሁኔታ ካለ «ጊዜያዊ ማሸጊያ ልጠቀም፤ የትኛውን?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ። ከተፈቀደልዎ ለጣሪያዎ ሽፋን ዓይነት የተሠራውን ይግዙ። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ራሱ እየፈሰሰ የሚስተካከለው ዓይነት፣ ቋሚ ግድግዳ ላይ ደግሞ የማይወርደው ዓይነት ነው የሚያስፈልገው። የጎማ ሽፋንን በነዳጅ ዘር ማጽጃ አያጽዱ፤ ጎማው ያብጣል። በኃይል የሚጣበቀውን የጣሪያ ፕላስተርም ለጊዜያዊ ሥራ አይጠቀሙ፤ ሲነሳ ሽፋኑን ይዞ ይመጣል።

የሚንጠባጠብበትን ቦታ ምንጩ አድርጎ ማስመዝገብ

ውሃ ከሽፋኑ ሥር በፕላይውዱና በማገሩ ላይ ተንሸራቶ ሜትሮች ርቆ ሊወጣ ይችላል። መኝታው ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ የገባው ከፊት ግንባሩ መጋጠሚያ ሊሆን ይችላል። «መኝታ ላይ ያፈሳል» ብለው ካስመዘገቡ ጋራዡ በቅርብ ያለችውን ማስወጫ ደፍኖ ይመልስልዎታል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ያው ነው።

ምንጩን ለመለየት ተራ የውሃ ጎማ ይበቃል። አንድ ሰው ውስጥ የእጅ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ። ሌላው ውጭ ሆኖ ግፊት የሌለው ውሃ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ፣ በአንድ ቦታ 10 እስከ 15 ደቂቃ ያፍስ። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም መጋጠሚያ በአንድ ጊዜ ስለሚያርሰው ምንም አይለይም። በግፊት የሚረጭ ማጠቢያ አይጠቀሙ፤ ደህናውን ማሸጊያ ይነቅላል።

ኤሲው ዙሪያ ያለ ውሃ ለብቻው መታየት አለበት። ኤሲው የተቀመጠው 14 በ14 ኢንች ገደማ በሆነ ቀዳዳ ላይ፣ በስፖንጅ መሰል ጋስኬት ነው፤ ከውስጥ በረጃጅም ብሎኖች ይጠበቃል። ጋስኬቱ ወደ ግማሽ ውፍረቱ መጨመቅ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች እየተቀመጠ ሲሄድ ብሎኖቹ ይላላሉ። በዝናብ ጊዜ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ መጀመሪያ ጋስኬቱን ይጠርጥሩ። ሰማዩ ጠርቶ፣ ኤሲው እየሠራ፣ ወበቅ ባለበት ቀን የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን የራሱ የኤሲው ውሃ ነው፤ መውረጃው ተዘግቷል። ይህ ልዩነት ጥያቄው ወደ የትኛው አምራች እንደሚሄድ ይወስናል።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያም ይግዙ። ደረቅ እንጨት ከ15 በመቶ በታች ያነባል፤ ከ20 በመቶ በላይ ካነበበ አሳሳቢ ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ቀለበት፣ የዛገ ስቴፕል ምልክት፣ ሲጫኑት እንደ እርጥብ ካርቶን የሚገባ ግድግዳ፣ በላይኛው ቁም ሳጥን ጥግ ያለ የሻጋታ ሽታ፦ ሁሉንም ከመለኪያው ቁጥር ጋር ፎቶ ያንሱ።

በስልክ ብቻ መነጋገር

ስልክ ቢደውሉም ከዘጉ በኋላ የተነጋገሩትን በኢሜይል ይላኩት። ኢሜይሉ ውስጥ ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩ የሻሲ መለያ፣ የግዢው ቀን፣ ጉድለቱ የታየበት ቀን፣ የአየሩ ሁኔታና ፎቶዎቹ ይኑሩ። ሻጩ ብዙውን ጊዜ ፎቶና የሥራ ሰዓት ግምት ልኮ አምራቹ እስኪፈቅድ ይጠብቃል፤ ሳምንታት የሚባክኑት እዚህ ነው። መቼ እንደተላከና የጥያቄውን ቁጥር ይጠይቁ።

ጋራዥ ሲያስገቡ የሥራ ትዕዛዙ ላይ የእርስዎ አቤቱታ በራስዎ ቃል መጻፉን አንብበው ያረጋግጡ። ሲያወጡ ሦስት ነገር መኖር አለበት፦ ምን ቅሬታ ቀረበ፣ ምክንያቱ ምን ሆኖ ተገኘ፣ ምን ተሠራ። «ጣሪያው ታሸገ» የሚል አንድ መስመር በቂ አይደለም። «ችግር አልተገኘም» ቢሉዎትም ቅጂውን ይውሰዱ፤ ትሬይለሩ የገባበትና የወጣበት ቀን በኋላ ይቆጠራል።

እርጥብ እንጨት ላይ አሽጎ መረከብ

የጣሪያ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ላዩ ተደፍኖ ማፍሰሱ ቢቆምም ውስጥ የቀረው እርጥበት መውጫ አጥቶ ፕላይውዱን ያበሰብሳል፤ ከዓመት በኋላ ጣሪያው ሲረገጥ ይሰምጣል፣ የጎን ግድግዳውም ያብጣል። ያኔ ዋስትናው አልቋል። ስለዚህ መለኪያው ከፍተኛ ቁጥር ካሳየ ቦታው ተከፍቶ እንዲታይ፣ የራሰው ፕላይውድና የሙቀት መከላከያ እንዲቀየር፣ ከመዘጋቱ በፊት ፎቶ እንዲነሳና የእርጥበቱ ቁጥር ከሥራው በፊትም በኋላም እንዲጻፍ በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጊዜው እስኪያልፍ መታገስ

ከገዙ በ10ኛው ወር ሙሉ ፍተሻ አድርገው ያገኙትን ሁሉ ይላኩ። በጊዜው ለተመዘገበ ጉድለት ጥገናው ከዓመቱ በኋላም እንደሚሸፈን አምራቹ በጽሑፍ ያረጋግጥልዎ። ሻጩ ደጋግሞ ካልቻለ በቀጥታ ለአምራቹ ያሳውቁ፤ አንዳንድ ዋስትናዎች ይህን እንደ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣሉ፣ ክስ የሚመሠረትበትን ጊዜም ያሳጥራሉ። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ሌላ ጋራዥ ከፍለው አያሠሩ።

በ1975 የወጣው ማግኑሰን–ሞስ የተባለው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ በጽሑፍ የተሰጠን ዋስትና ያላከበረ ድርጅት እንዲከሰስ ይፈቅዳል፤ ሸማቹ ከረታም ፍርድ ቤቱ የጠበቃ ወጪውን ሊያስከፍልለት ይችላል። ተጠግኖ የማይድን ጉድለት ያለበት አዲስ ተሽከርካሪ የገዛን ሰው የሚጠብቁት፣ ሌመን ሎው የሚባሉት የግዛት ሕጎች ግን ይለያያሉ፤ ብዙዎቹ የሚጎተት ትሬይለርን ወይም የመኖሪያ ክፍሉን አያካትቱም። የግዛትዎን ያንብቡ።

ከባድ ጉዳት ሲሆን አምራቹ ትሬይለሩ ወደ ፋብሪካ እንዲመለስ ሊጠይቅ ይችላል፤ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ኢንዲያና ውስጥ ኤልክሃርት አካባቢ ናቸው። ከመነሳቱ በፊት የማመላለሻውን ወጪ ማን እንደሚችል በጽሑፍ ይቀበሉ። ሲረከቡት ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ የውሃ ጎማ ፍተሻውን ያሠሩ። ማሸጊያው በሰዓታት ውስጥ ላዩ ይደርቃል፤ ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር ግን እስከ 30 ቀን ሊወስድበት ስለሚችል በዚያ ወር ጣሪያውን አይፈትጉት፣ በማሸጊያው መስመር ላይም አይርገጡ።