ባግፓይፕን በጎልማሳነት እንዴት እንጀምር?

የስኮትላንዱን ባግፓይፕ፣ ያንን ከረጢትና ቱቦዎች ያሉትን የትንፋሽ መሣሪያ፣ መማር አምሯችኋል? እንግዲያው ባግፓይፑን ገና አትግዙ። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁ የመለማመጃ ቻንተር ነው። ዋሽንት የምትመስል፣ ከረጢት የሌላት፣ ድምጿም ጎረቤት የማይረብሽ መሣሪያ ናት። ፕላስቲኳ ትበቃለች፤ ግን ረጅሟን ምረጡ፣ የቀዳዳዎቿ ርቀት ከዋናው ባግፓይፕ ጋር ይቀራረባል።

አያያዙ ላይ አትቸኩሉ። ግራ እጅ ከላይ፣ ቀኝ ከታች ይሆናል። የቀኝ እጅ ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ፣ ከትንሿ በቀር፣ በጫፋቸው ሳይሆን በመሃለኛው አንጓ ቀዳዳውን ድፈኑ። ጨምድዳችሁ ከያዛችሁ ጣቱ አይፈጥንም።

ኖታዎቹ ዘጠኝ ብቻ ናቸው፣ ከታችኛው ጂ እስከ ላይኛው ኤ። ቀላል ይመስላል፤ ፈተናው መሸጋገሪያው ላይ ነው። ለምሳሌ ከዲ ወደ ኢ ስትሄዱ ሦስት የቀኝ ጣቶች ይወርዳሉ፣ የቀኟ ትንሿ ጣትና የግራዋ የቀለበት ጣት ደግሞ ይነሳሉ፣ ሁሉም በአንድ ቅጽበት። አንዷ ከዘገየች መሃል ላይ ያልተፈለገ ድምፅ ጣልቃ ይገባል። ይሄን በሜትሮኖም (ምት በሚቆጥር መሣሪያ)፣ በጣም ቀስ ብላችሁ፣ እስኪጠራ ድረስ ደጋግሙት።

ቀጥሎ ግሬስ ኖት ነው። ባግፓይፕ ሲነፋ ድምፁ አይቋረጥም፤ ስለዚህ ሁለት ተመሳሳይ ኖታዎችን የሚለያቸው መሃል ላይ ብልጭ የምትል አጭር ኖታ ናት። በጂ፣ በዲና በኢ ጀምሩ። ያለ እነሱ ዜማው ዜማ አይሆንም፣ እና እባካችሁ ይሄን ደረጃ አትዝለሉት።

በየቀኑ ሃያ ደቂቃ መለማመድ በሳምንት አንዴ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ በብዙ ይሻላል። አስተማሪም ፈልጉ፣ የጣት ስህተትን ራስ አያየውም። አጠገባችሁ ከሌለ ግላስጎ ያለው ናሽናል ፓይፒንግ ሴንተር በኦንላይን ያስተምራል።

ብዙ ጀማሪ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ቻንተር ላይ ይቆያል። ጥቂት ዜማዎችን በቃላችሁ ሳትደናቀፉ ስትጫወቱ ወደ ዋናው እለፉ። አስተማሪያችሁ ለስላሳ ሪድ (ሲነፋ እየተርገበገበ ድምፁን የሚፈጥረውን ስስ ክፍል) ይምረጥላችሁ። ከሦስቱ ድሮኖች (ያለማቋረጥ አንድ ዓይነት ድምፅ ከሚያሰሙት ቱቦዎች) ሁለቱን በቡሽ ድፈኑና በአንዱ ብቻ ጀምሩ፣ አለበለዚያ ትንፋሹ ቶሎ ያልቅባችኋል። ዋናው ነገር ግፊቱ እኩል መሆኑ ነው፦ ስትነፉ ክንዳችሁ ይላላል፣ አየር ስትስቡ ክንዳችሁ ከረጢቱን ይጫናል። ግፊቱ ከዋዠቀ ድምፁም ይዋዥቃል። ከንፈር ሲደክምና አየር በጎን ሲያመልጥ አርፉ።

ድምፁ ኃይለኛ ነው፤ ቤት ውስጥ የጆሮ መከላከያ አድርጉ። ስትጨርሱ ደግሞ ቱቦዎቹን ነቃቅላችሁ አድርቁ፤ ውስጡ የሚቀረው እርጥበት ሻጋታ ያመጣል፣ እሱንም መልሳችሁ ወደ ሳንባችሁ ልትስቡት ትችላላችሁ።