ቁርጥማቱ ከታይሮይድ ነው ወይስ ከመገጣጠሚያ? እንዳትሸወዱ

ጠዋት ጣቶቻችሁ አልታጠፍ ይላሉ፣ ጉልበታችሁ አብጧል፣ ድካሙ ደግሞ ተኝታችሁ ብትነሱም አይለቅም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ቁርጥማት ነው» ብሎ ማስታገሻ እየዋጠ ይከርማል። እኔ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ፦ ታይሮይዳችሁን ተመርምራችሁ ታውቃላችሁ? የታይሮይድ መድኃኒት እየወሰዳችሁ መገጣጠሚያችሁን የሚያማችሁ ከሆነም «ያው የታይሮይዱ ነው» ስለተባላችሁ ብቻ ዝም አትበሉ።

ሁለቱ የሚገናኙት እንዲህ ነው። ታይሮይድ አንገት ላይ ከማንቁርት በታች ያለች ትንሽ እጢ ናት። የሰውነት መከላከያ አንዳንዴ የራሱን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃል። ታይሮይድን አጥቅቶ ሥራዋን ሲያዳክም ሃሺሞቶ ይባላል፣ ከልክ በላይ ሲያሠራት ደግሞ ግሬቭስ። መገጣጠሚያ የሚያሳምሙት ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ ሉፐስና ሾግረን የሚባሉ በሽታዎችም የሚመጡት በዚሁ ዓይነት ስህተት ነው፤ ለዚህም ነው አንዱ ያለበት ሰው ሌላውን የመደረብ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከፍ የሚለው። ሴቶች ላይ ይበዛሉ፣ በቤተሰብም ይወርዳሉ።

ግን ሁልጊዜ ሁለት በሽታ አለ ማለት አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ብቻውን ጡንቻ ያስራል፣ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ጉልበት ላይ ፈሳሽ እስከማጠራቀም ይደርሳል። ስለዚህ ሐኪም ጋ ከመሄዳችሁ በፊት ለጥቂት ቀናት ሰውነታችሁን አስተውሉ።

ከእንቅልፍ ስትነሱ ሰዓት ያዙ። ግትርነቱ ከ30 ደቂቃ በላይ ከቆየና እየተንቀሳቀሳችሁ ስትሄዱ ከለቀቀ ወደ መገጣጠሚያ ብግነት ያደላል። ቀጥሎ ቡጢ ስትጨብጡ ጉብ ጉብ የሚሉትን የጣት መነሻ አንጓዎች በሌላኛው እጃችሁ ሰላምታ እንደምትሰጡ ከጎንና ከጎን ጨመቅ አድርጓቸው። «ውይ!» የሚያሰኝ ሕመም ካለ፣ በተለይ በሁለቱም እጅ ከሆነ፣ ለሐኪሙ ሳትነግሩ እንዳትወጡ። እብጠቱ ይሞቃል? እሱንም ነካ አድርጋችሁ እዩ። የታይሮይድ ማነስ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ጡንቻ ላይ ነው። ጭንና ትከሻ ይከብዳል፣ ብርድ አይቻልም፣ ሆድ ይደርቃል፣ ቆዳ ይሻክራል፣ ክብደት ይጨምራል። ሆርሞኑ ሲበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል፣ ከወንበር ያለ እጅ እርዳታ መነሳት ያቅታል። ሌሊት ከአውራ ጣት እስከ መሐል ጣት እየደነዘዘ እጃችሁን እንድታራግፉ የሚያደርጋችሁ ነገር ግን ከታይሮይዱም ከመገጣጠሚያውም ሊመጣ ስለሚችል በሱ ብቻ አትፍረዱ።

ምርመራው ላይ ቀዳሚው ቲኤስኤች ነው፤ አንጎል ታይሮይድን የሚያዝበት ሆርሞን ሲሆን የታይሮይድ ሆርሞን ሲያንስ ከፍ፣ ሲበዛ ዝቅ ይላል። እሱ ከተዛባ ፍሪ ቲ4 (ደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን ራሱ) ይታያል፣ መነሻው የሰውነት መከላከያ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ አንቲ-ቲፒኦ ይታዘዛል። ለመገጣጠሚያው ብግነት መኖሩን የሚያሳዩት ኢኤስአርና ሲአርፒ፣ ሩማቶይድ አርትራይተስን ለመለየት የሚረዱት ሩማቶይድ ፋክተርና አንቲ-ሲሲፒ አሉ። ሩማቶይድ ፋክተር «ፖዘቲቭ» ስላለ ብቻ አትደንግጡ፣ በሾግረንም በጤነኛ ሰውም ይገኛል። «ነጌቲቭ» ስላለም በሽታው የለም አይባልም። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚወሰድ ባዮቲን የታይሮይድ ውጤት ያዛባል፤ ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን ቀደም ብላችሁ አቁሙት። ብግነት የሚያበርደው ስቴሮይድ ፕሬድኒሶሎንም በብዛት ሲወሰድ ቲኤስኤችን ዝቅ ያደርጋል፣ ስለዚህ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ተናገሩ።

ትልቁ ጣጣ ያለው ግን መድኃኒት አወሳሰድ ላይ ነው። የጎደለውን የታይሮይድ ሆርሞን የሚተካው ሌቮታይሮክሲን (ታይሮክሲን) የሚወሰደው በባዶ ሆድ፣ በውሃ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ ነው። የመገጣጠሚያ ታማሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ለአጥንት ካልሲየም፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል ይታዘዝለታል። ካልሲየሙ ሌቮታይሮክሲኑን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል፣ ኦሜፕራዞሉም ወደ ደም መግባቱን ይቀንሳል። ሁሉንም ክኒን ጠዋት ባንድ ጉንጭ የሚውጥ ሰው ቲኤስኤቹ አልወርድ ብሎ መጠን ይጨመርለታል፣ ድካሙና ቁርጥማቱ ግን ባለበት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ታይሮክሲኑን እንደነቃችሁ ዋጡ፣ ካልሲየምና አይረን ቢያንስ 4 ሰዓት ይራቁ፣ ኦሜፕራዞሉን በራሳችሁ ሳታቆሙ ለሐኪሙ ንገሩ። ጠዋት የማይመቻችሁ ከሆነ ከእራት ቢያንስ 3 ሰዓት ቆይታችሁ ማታ መውሰድም ይቻላል። መጠኑ በተቀየረ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ቲኤስኤች ይደገማል፣ ከዚያ በፊት የሚገኘው ውጤት ብዙ አይነግራችሁም።

ሕመሙ አልቀንስ ሲል መጠኑን በራስ መጨመር የሚያምራቸው አሉ። ተዉት። ትርፍ ታይሮክሲን የልብ ምት ያዛባል፣ አጥንት ያሳሳል፤ ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው አጥንቱ በሁለት በኩል ይሳሳል። ኮሌስትሮላችሁ ከፍ ብሎ ስታቲን ከታዘዘላችሁና ጡንቻችሁን ካመማችሁም ቲኤስኤች ይታይ፣ የሆርሞኑ ማነስ ኮሌስትሮልንም ከፍ ያደርጋል፣ የስታቲንን የጡንቻ ጉዳትም ያባብሳል።

ቲኤስኤች ተስተካክሎ ወራት ካለፈ በኋላም የሚያማችሁ ከሆነ «የታይሮይድ ነው» የሚለውን ተዉትና የመገጣጠሚያ ሐኪም ጋ ሂዱ። በግልጽ የሚያብጥ አንጓ ካለ ደግሞ ታይሮይዱ እስኪስተካከል እንኳ አትጠብቁ። የአውሮፓ የመገጣጠሚያ ሐኪሞች መመሪያ ታማሚው ምልክቱ በታየ በ6 ሳምንት ውስጥ እንዲታይ፣ መድኃኒትም በ3 ወር ውስጥ እንዲጀምር ይመክራል፤ ምክንያቱም አንዴ የተበላ መገጣጠሚያ ወደ ቀድሞው አይመለስም።

ለአንድ ቀን የማይታደሩ ነገሮችም አሉ። ለግሬቭስ ካርቢማዞል የምትወስዱ ከሆነና ትኩሳት ከጉሮሮ ሕመም ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴል ይቆጠር። ለሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሰጠው ሜቶትሬክሴትም ነጭ የደም ሴል ስለሚያወርድ ሁለቱን አብሮ የሚወስድ ሰው ይበልጥ ይጠንቀቅ። አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ድንገት ቀልቶ፣ ግሎ፣ አላስነካ ካለና ትኩሳት ካለው ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።