የመስክ መኪና ጎማ በብርድ ለምን ይተነፍሳል? ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከባሌ ጎባ ተነስቶ የሳነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ዶሎ መና የሚወርደው መንገድ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚያልፍ በመሆኑ፣ በበጋ ወራት ማለዳ ላይ ሣሩም፣ ድንጋዩም፣ ውጭ ያደረው መኪናም አመዳይ ለብሶ ይገኛል። ማታ ደህና አድርጎ ያቆመውን መኪና ጠዋት አንዱ ጎማው ተቀምጦ ያገኘ ሰው «ብርዱ ነው ያስተነፈሰው» ማለቱ የተለመደ ነው። አባባሉ ግማሹ እውነት ነው። ብርድ የጎማን ግፊት ይቀንሳል፤ ደህና ጎማን ግን በአንድ ሌሊት መሬት ላይ አያስቀምጥም። ጎማውን የሚያስቀምጠው በሙቀት ጊዜ ሳይታወቅ የቆየ ቀዳዳ ወይም ክፍተት ሲሆን፣ ብርዱ ያንን ያጋልጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ምክንያቱን ሳይለዩ ንፋስ ሞልቶ መንገድ መቀጠል ነው። ብርዱ ብቻውን የሚቀንሰው ልኩ የታወቀ ነው፦ 35 ፒኤስአይ (የጎማ ግፊት የሚለካበት አሃድ) የተሞላ ጎማ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ የሚያጣው ከ1.5 እስከ 2 ፒኤስአይ ያህል ነው። ሌሊቱ 20 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ እንኳ ጉድለቱ ከ4 አያልፍም። አራቱም ጎማዎች እኩል ቀንሰው ከተገኙ የብርዱ ሥራ ነውና መሙላት ይበቃል፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ 10 ወይም 15 ከቀነሰ ግን ያ ጎማ ያፈሳል። አንድ ማለዳ ጎባ ላይ ያየሁት ጎሚስታ ጎማውን ከመፍታቱ በፊት በሃይላንድ ጠርሙስ የያዘውን የሳሙና ውሃ መጀመሪያ በቫልቩ ላይ፣ ቀጥሎም ጎማው ቸርኬውን በሚነክስበት ጠርዝ ዙሪያ ቀስ እያለ አፈሰሰ፤ ቫልቩ ዝም አለ፣ ከጠርዙ በአንድ በኩል ግን የሰናፍጭ ፍሬ የሚያክሉ አረፋዎች እየተከተሉ ወጡ። ምስማርም እሾህም አልነበረም። ቸርኬው በዚያ ቦታ ዝጎ ሻካራ ሆኖ ነበር፤ ጎማው ሲሞቅ ለስልሶ ሻካራውን ይደፍነዋል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይደድርና ንፋሱን ያሳልፋል። ሾፌሩ ለሦስት ሳምንት በየጠዋቱ ሲሞላ የኖረው ይህንኑ ጎማ ነበር። ቸርኬው በብረት ብሩሽ ተፈግፍጎ ጎማው እንደገና ሲገጠም ችግሩ አበቃ።

ሁለተኛው ስህተት መኪናው ሲነዳ ውሎ ጎማው በጋለበት ሰዓት ግፊቱን ለክቶ «በዝቷል» በማለት ንፋስ መቀነስ ነው፤ እኔ ከሁሉ የበለጠ የምፈራው ይህንን ነው፣ ምክንያቱም የሚፈጽሙት ብዙውን ጊዜ ጠንቃቃ የሆኑ ሾፌሮች ናቸውና። በሾፌሩ በር አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር የተጻፈው ለቀዘቀዘ ጎማ፣ ማለትም መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ለሚለካ ግፊት ነው። በደጋ ላይ ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ከፍታው ነው። መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ሲሆን፣ በ4,000 ሜትር ላይ የውጭው አየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ20 ዲግሪ 35 የተሞላ ጎማ ሳነቴ ላይ ቀትር ላይ በጉዞ ግሎ 40 ዲግሪ ቢደርስ መለኪያው 40 ያህል ያነባል። ሾፌሩ ደንግጦ ወደ 35 ዝቅ ያደርገዋል። ሌሊቱ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሲደርስ ያው ጎማ 29 ላይ ወርዶ ያድራል፤ ጠዋት ላይም «ሌሊቱን ፈሰሰ» ይባላል። የፈሰሰ ነገር የለም፤ ንፋሱን ያወጣው የሾፌሩ እጅ ነው።

ከፍታው በተቃራኒውም ያሳስታል። ያው የአዲስ አበባ ጎማ ማንም ሳይነካው ሳነቴ ላይ ቢያድር፣ ብርዱ 4 ያህል ሲወስድበት ከፍታው 2 ያህል ስለሚመልስለት ጠዋት 33 ገደማ ያነባል። ጉድለቱ ትንሽ በመምሰሉ የሚዘናጋ ሰው፣ ወደ ዝቅተኛ ነገር ግን ብርዳማ ስፍራ ወርዶ ሲያድር ከፍታው የሸፈነለት ጉድለት ይገለጥበታል። ስለዚህ በደጋ ጉዞ ግፊትን ማስተካከል የሚገባው ጠዋት ከመንቀሳቀስ በፊት፣ በሚታደርበት ቦታ ነው።

ሦስተኛው ስህተት የመስክ መኪና ነጂዎች ብቻ የሚሠሩት ነው። በጭቃና በአሸዋ ላይ ጎማው ሰፍቶ መሬቱን እንዲይዝ ግፊቱን ወደ 18 ፒኤስአይ ዝቅ ማድረግ ትክክለኛ ዘዴ ሲሆን፣ ስህተቱ ግን ከጭቃው ከወጡ በኋላ ሳይሞሉ ማደር ነው። ጎማውን ቸርኬው ላይ አጣብቆ የሚይዘው የውስጡ ግፊት ነውና 18 የነበረው በብርድ ወደ 16 ሲወርድ አያያዙ ይላላል፤ ጠዋት ላይ የደደረው ጎማ በድንጋያማ መንገድ መሪው ሲጠመዘዝ ከጠርዙ ሊላቀቅና በአንድ ጊዜ ባዶ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ፣ ግፊቱ ዝቅ ብሎ ሲነዳ በጎማውና በቸርኬው መካከል የገባ ጭቃና ጠጠር ከደረቀ በኋላ ለንፋሱ መንገድ ይከፍታል። የንፋስ ፓምፕ ሳይዙ ንፋስ መቀነስ በፍጹም አይገባም።

በዓይን አይቶ ወይም በእግር ረግጦ መፍረድም ስህተት ነው። የዛሬዎቹ ራዲያል ጎማዎች ደህና ተሞልተውም ጎናቸው ትንሽ ስለሚነፋ፣ 28ቱን ከ35ቱ በዓይን መለየት አይቻልም።

የቫልቭን ነገር ብዙዎች ይንቁታል። ክዳኑ የጠፋ ቫልቭ ውስጥ ውሃና ጭቃ ይገባል፤ ማጠራቀሚያው ውስጥ የተከማቸው ውሃ ባልፈሰሰለት ኮምፕሬሰር የተሞላ ጎማም ውስጡ እርጥበት ይይዛል። ከዜሮ በታች በሆነ ማለዳ መለኪያው ሲሰካ ያ እርጥበት በቫልቩ ውስጥ ባለችው ትንሽ መርፌ ዙሪያ በረዶ ይሠራና መርፌዋ በሚገባ እንዳትመለስ ያደርጋታል። መለኪያውን ከነቀሉ በኋላ የሲ... ድምፅ ከተሰማ ቫልቩን በእጅ መዳፍ ጨብጦ ማሞቅ፣ መርፌዋን ተጭኖ መልቀቅና ላስቲክ ያለውን ክዳን አጥብቆ መግጠም ይረዳል። የፈላ ውሃ ማፍሰስ ግን አይገባም፤ የቀረው ውሃ ተመልሶ በረዶ ይሆናል። ሥሩ የተሰነጣጠቀ የላስቲክ ቫልቭ ደግሞ መቀየር እንጂ መጠገን የለበትም።

ናይትሮጅን ካስሞላሁ ብርድ አይነካኝም ማለትም ትክክል አይደለም፤ ናይትሮጅን ደረቅ በመሆኑ የበረዶውን ችግር ይቀንሳል እንጂ ግፊቱ በብርድ የሚወርደው እንደ ማንኛውም አየር ነው። በአሜሪካ እንደ ሚኒሶታ ባሉ ብርዳማ ስፍራዎች የሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ በሚሞቅ ጋራዥ ውስጥ በ15 ዲግሪ 35 ሞልተው፣ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ወደሆነ ደጅ ሲወጡ 28 ብቻ እንደሚቀራቸው ሊያውቁ ይገባል። እዚያ መለካት የሚሻለው መኪናው ውጭ ካደረ በኋላ ነው።

በመጨረሻም ተለዋጭ ጎማ ይረሳል። ከመኪናው ሆድ ሥር ወይም ከኋላ በር ላይ ተሰቅሎ ዓመት ሲሞላው ማንም አይለካውም፤ ብርዱም፣ ዝገቱም፣ ቫልቩም እንደ ሌሎቹ ይመለከተዋል። ከጎባ ወደ ሳነቴ ከመውጣት በፊት ከአራቱ ጋር አምስተኛውንም መለካት፣ ከበር ላይ ከተጻፈው ቁጥር ጥቂት ጨምሮ መሙላት፣ የተሰቀለበትን ብሎን ፈትቶ እንዳልዛገ ማየት ያስፈልጋል፤ አምባው ላይ ጎሚስታ እናገኛለን ተብሎ ተስፋ አይደረግምና።