ከጅማ መምህርነት ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት

በጅማ እያስተማረ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለመወዳደር ያሰበ መምህር በፓርቲ ወይም በግል ሊቀርብ ይችላል፤ መስፈርቱንና የምዝገባውን ጊዜ ከምርጫ ቦርድ ያጣራ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ የቡና ገበሬውን ጥያቄ በራሱ ቋንቋ አድምጦ መመለስ ይኖርበታል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 የሚሠራ በመሆኑ ጊዜው ከትምህርት ዘመኑ ጋር ይገጣጠማል፤ ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዳለሁ ብሎ ማቀድ፣ በእኔ እምነት፣ ተማሪንም መራጭንም መበደል ነው። ሐምሌና ነሐሴን ግን ወደ መራጮቹ መመለሻ ያድርጋቸው፤ ማስታወሻ ደብተሩን ይዞ ሂርማታ ገበያ ድረስ ይውረድ፣ የጠያቂውን ቀበሌና ጉዳዩን ይመዝግብ፣ ዓምና ለተመዘገበውም መልስ ይስጥ። አመኔታ ያጣበት መራጭ፣ በአንቀጽ 54 መሠረት፣ የአምስት ዓመቱ ዘመን ሳያልቅ በሕግ አግባብ ውክልናውን ሊያነሳበት ይችላል።