የናይጄሪያ ፍራይድ ራይስ በቤታችሁ፦ ሩዙ ሳይላቁጥ፣ አትክልቱ ሳይጠወልግ

ለንደን ውስጥ ፔካም የሚባል ሰፈር አለ። ናይጄሪያውያን የሚበዙበት ነው። እዚያ በኖርኩባቸው ዓመታት ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎረቤቴ ቤት የሚወጣው ሽታ ደረጃው ላይ ያስቆመኝ ነበር። ጦስኝ፣ ካሪ፣ የዶሮ መረቅ፣ የሚቁላላ ሽንኩርት፣ ሁሉም አንድ ላይ። ጎረቤቴ የናይጄሪያዋ ሌጎስ ሰው ናቸው፣ ዮሩባ ከሚባለው ሕዝብ። በእነሱ ወግ ታላቅ ሰው በባዶ ስሙ አይጠራም። ስለዚህ እኔም እንደ ሰፈሩ ልጆች «አንቲ»፣ አክስት እንደማለት፣ እላቸው ነበር። ይህን ሩዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

የናይጄሪያ ምግብ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያውቀው ጆሎፍን ነው፣ ቀዩን ሩዝ። ሌጎስ ውስጥ «ኦዋምቤ» የሚሉት ትልቅ ድግስ ላይ ግን ጆሎፍ ብቻውን አይቀርብም። ሳህኑ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ቢጫና አረንጓዴ ይሆናል። ያ ቢጫው ፍራይድ ራይስ ነው። ከጎኑ የተጠበሰ ዶሮ፣ «ዶዶ» የሚባለው የተጠበሰ ፕላንቴን (በስሎ የሚበላ የሙዝ ዓይነት)፣ አንዳንዴም ከባቄላ መሰል ጥራጥሬ ተፈጭቶ በእንፋሎት የሚበስለው ሞይ ሞይ ይቀመጣል። ሰርግ፣ ገና፣ ልደት፣ የእሑድ ምሳ፣ ሁሉም ላይ አለ።

ስሙ ከቻይና ቤት ሩዝ ጋር አንድ ቢሆንም ነገሩ ሌላ ነው። አኩሪ አተር ሶስ የለውም። እንቁላል የለውም። ያደረ ሩዝ አይፈልግም። ሩዙ በቅመም በተቀቀለ የዶሮ መረቅ ይበስልና ከዚያ በኋላ ነው ከአትክልትና ከጉበት ጋር የሚጠበሰው። ጣዕሙ ያለው መረቁ ውስጥ ነው። መልኩ የሚያምረው ግን ሩዙ ደረቅ ሲሆን ነው። አንቲ ደጋግመው የሚሉኝ አንድ ነገር ነበር፦ ውሃውን ተቆጣጠሪ። ይህን ምግብ የሚያበላሸው ሁሌም ውሃ ነው። ከታች የምጽፈውም ባብዛኛው ስለ ውሃ ነው።

ምን ያስፈልጋል

የምነግራችሁ ልክ ለ6 ሰው ይበቃል።

መጀመሪያ ሩዙ። 3 ኩባያ ረጅም ፍሬ ያለው ፓርቦይልድ ሩዝ፣ ወደ 600 ግራም ነው። ፓርቦይልድ ማለት ገና ከነገለባው ተነክሮ፣ በእንፋሎት በስሎ፣ ከደረቀ በኋላ የተፈተገ ሩዝ ነው። በዚህ ምክንያት ፍሬው ጠንካራ ነው፣ ሲማሰል አይፈርስም፣ እርስ በርሱም አይጣበቅም። ጥሬውን ስታዩት ትንሽ ወደ ቢጫ ይላል። ከረጢቱ ላይ ጽሑፉን አንብባችሁ ግዙ። ባስማቲ እወዳለሁ፣ ለዚህ ግን አልመክረውም። የራሱ ሽታ አለው፣ መጥበሻ ላይ ሲማሰልም ይሰበራል። አጭሩ ሩዝማ ጭራሽ አይሆንም፣ ገንፎ ነው የሚሆነው።

ለመረቁ 1 ኪሎ የዶሮ ብልት ከነአጥንቱ፣ በተለይ ጭንና እግር። ደረት ብቻ ከሆነ መረቁ ቀጭን ይሆናል።

ለጥብሱ 250 ግራም የበሬ ጉበት፣ ከተገኘ 200 ግራም የተላጠ ሽሪምፕ። ሽሪምፑ ቢቀር ምንም አይደለም። ጉበቱ ግን ባይቀር ደስ ይለኛል። የናይጄሪያ ድግስ ጣዕም ከእሱ ነው የሚመጣው።

አትክልቱ፦ 3 መካከለኛ ካሮት፣ ሁለት እፍኝ ፎሶሊያ፣ 1 ኩባያ እሸት አተር፣ ግማሽ ኩባያ ጣፋጭ በቆሎ ከጣሳ፣ 1 ትልቅ አረንጓዴ የፈረንጅ ቃሪያ፣ 2 ቀይ ሽንኩርት፣ ጥቂት አረንጓዴ የሽንኩርት ቅጠል።

ቅመሙ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ካሪ 3 የሻይ ማንኪያ፣ የደረቀ ጦስኝ 2 የሻይ ማንኪያ፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬ ግማሽ የሻይ ማንኪያ፣ 2 ፍሬ ማጊ ወይም ክኖር (የሚፈረፈረው የመረቅ ቅመም)፣ ጨው። ናይጄሪያውያን የሚጠቀሙበት ካሪ ለስላሳ ነው። እርዱ ይበዛል፣ አያቃጥልም። የህንድ ካሪ ከሙኑ ከበዛበት ምግቡን ወደ ሌላ አገር ይወስደዋል። ስለዚህ የአፍሪካ ሸቀጥ ቤት በአቅራቢያችሁ ካለ ከዚያ ግዙ። ከሌለ ለስላሳ የሚል የተጻፈበትን ምረጡና ሩብ ማንኪያ እርድ ጨምሩበት። ጦስኙን በተመለከተ፣ ከአገር ቤት የመጣ ጦስኝ ካላችሁ ሽታው ጠንከር ስለሚል ግማሹን ብቻ አድርጉ።

ዘይት 6 የሾርባ ማንኪያ ያህል። ሽታ የሌለው የአትክልት ዘይት ይሁን። ቂቤ የሚጨምሩ አሉ፣ እኔ መጨረሻ ላይ አንዲት ማንኪያ እወዳለሁ።

መረቁን ቀቅሉ

ዶሮውን እጠቡና ድስት ውስጥ አስገቡ። አንዱን ቀይ ሽንኩርት በትልልቁ ከትፋችሁ ጨምሩ። 1 የሻይ ማንኪያ ካሪ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጦስኝ፣ አንዱን ማጊና ጨው አድርጉ። ውሃ ገና አትጨምሩ። ክደኑትና በመካከለኛ እሳት 5 ደቂቃ ያህል በራሱ ውሃ ይፍላ። ቅመሙ ስጋው ውስጥ የሚገባው ያኔ ነው። ከዚያ ዶሮውን እስኪሸፍን ውሃ ጨምራችሁ 25 ወይም 30 ደቂቃ ቀቅሉት። ናይጄሪያ ውስጥ «አታ ሮዶ» የሚሏት ክብና ቁጡ ቃሪያ እዚህ ትገባለች። የእኛ ቃሪያም ይሠራል። ሙሉዋን ጣሏትና በኋላ አውጧት።

ዶሮው ሲበስል አውጡትና መረቁን በወንፊት አጥሩት። ቅመሱት። ለብቻው ሲጠጣ ትንሽ ጨው የበዛበት ቢመስል ልክ ነው፣ ሩዙ ይመጠዋል። ዶሮውን 200 ዲግሪ በሞቀ ኦቭን ውስጥ 20 ደቂቃ አስቀምጡት ወይም በዘይት ጥበሱት። ከሩዙ ጎን የሚቀርበው እሱ ነው።

ጉበቱን በትንሽ ጨው 10 ደቂቃ ቀቅሉ። መሃሉ ቀይ መሆን የለበትም። ሲቀዘቅዝ እንደ ካሮቱ በትንንሹ ክተፉት። ሳይቀቀል ከተከተፈ ይሙለጨለጫል፣ መጠኑም እኩል አይመጣም።

ሩዙ

እዚህ ላይ ተረጋጉ። ውሃው ኩልል እስኪል ድረስ ሩዙን 4 ወይም 5 ጊዜ እጠቡት። ከዚያ ብዙ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ 5 ደቂቃ ብቻ ቀቅሉት። ወንፊት ላይ ድፉት፣ በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁት፣ በደንብ ይንጠፍጠፍ።

አሁን መረቁን አፍሉ። ቀሪውን ካሪ ከቀሪው ጦስኝ ግማሽ ጋር አድርጉበት፣ ከካሪው ግን ግማሽ ማንኪያ ለጥብሱ አስቀሩ። ሩዙን ጨምሩ። የመረቁ ልክ ከሩዙ ጋር እኩል ይድረስ እንጂ አይዋጠው። ባብዛኛው 3 ኩባያ ያህል ይበቃል። አንዴ አማስሉትና ክደኑት፣ እሳቱን ዝቅ አድርጉ። በፎይል አፍኖ ክዳኑን ከላይ መጫን የአንቲ ዘዴ ነው፣ እንፋሎቱ አይወጣም። 12 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። በየደቂቃው እየከፈታችሁ አታማስሉት።

ፍሬውን በጥርሳችሁ ሞክሩት። በስሎ መሃሉ ላይ ጥቂት ጠንከር ካለ ደርሷል፣ የቀረውን መጥበሻው ይጨርሰዋል። ሙሉ በሙሉ ለስልሶ ከሆነ አልፏል ማለት ነው። መረቅ ከቀረ ክዳኑን አንሱና ይትነን። መረቁ አልቆ ሩዙ ገና ከሆነ ሩብ ኩባያ የፈላ መረቅ በዙሪያው ረጭታችሁ እንደገና ክደኑት።

ከዚያ ሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ድስቱ ውስጥ ክምር ብሎ ከቆየ በራሱ እንፋሎት መብሰሉን ይቀጥላል፣ ከሥር ያለው ይላቁጣል። ትሪ ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ ሲቆይ ፍሬ ከፍሬ ይለያያል።

አትክልቱ

ሁሉንም እኩል ክተፉ፣ የአተር ፍሬ በሚያህል መጠን። ሥራ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ሲሆን አንዱ ጥሬ ሌላው ልፍስፍስ ይሆናል።

ፎሶሊያውን፣ ካሮቱንና አተሩን ጨው ያለበት የፈላ ውሃ ውስጥ 2 ደቂቃ ብቻ ነክራችሁ አውጡና ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክተቱ። አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው በዚህ ነው። ከዚያ ንጹህ ጨርቅ ላይ አድርቁት። የጣሳውን በቆሎም አጥልላችሁ አድርቁ። ቃሪያና የሽንኩርት ቅጠል አይቀቀሉም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ስሠራ አትክልቱን እንዳለ ከነውሃው ሩዙ ድስት ውስጥ ጨምሬ አብሬ ቀቀልኩት። ድካም ለመቀነስ ብዬ ነው። ካሮቱ ሟሟ፣ ፎሶሊያው ቡኒ ሆነ፣ ሩዙም እርጥብ ሆኖ ቀረ። ማታ ላይ ደግሞ መኮምጠጥ ጀመረ። አንቲ ሲያዩት አልተቆጡም። ናይጄሪያ ውስጥ ፍራይድ ራይስ ከጆሎፍ ቀድሞ እንደሚበላሽ፣ ድግስ የሚያበስሉ ሴቶችም አትክልቱን መጨረሻ ላይ የሚያስገቡት ለዚህ እንደሆነ አስረዱኝ።

ጥብሱ

በአንድ ጊዜ ሁሉንም አትጥበሱ። የቤት ምድጃ ያን ያህል ጉልበት የለውም። መጥበሻው ከሞላ ሩዙ መጠበሱን ትቶ በእንፋሎት ይቀቀላል። ሩዙን፣ አትክልቱን፣ ጉበቱንና ሽሪምፑን 3 ቦታ ክፈሉ።

ሰፊ መጥበሻ በኃይለኛ እሳት ይጋል። 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከዚያ ትንሽ የደቀቀ ቀይ ሽንኩርት፣ 1 ደቂቃ። ሽንኩርቱ እንዳይቀላ፣ እንደ ወጥ ቁሌት አይደለም። ሽሪምፑን ጨምሩ፣ ወደ ሮዝ ሲለወጥ ጉበቱ ይከተል። ከተቀመጠው ካሪ፣ ከጦስኙ፣ ከነጭ ቁንዶ በርበሬውና ከተፈረፈረው ሁለተኛ ማጊ ሲሶ ሲሶውን በተኑ። ካሪው ዘይት ሲነካው ሽታው ይወጣል፣ ያኔ ፎሶሊያውን፣ ካሮቱን፣ አተሩንና በቆሎውን ጨምራችሁ 1 ደቂቃ አገላብጡ።

አሁን ሩዙ። ከሥር ወደ ላይ እየገለበጣችሁ 3 ወይም 4 ደቂቃ ጥበሱ። በማማሰያው አትጫኑት፣ ፍሬው ይደቃል። ሩዙ መጥበሻው ላይ ጫጫ እያለ መዝለል ሲጀምር ደርቋል። የፈረንጅ ቃሪያውና የሽንኩርት ቅጠሉ በመጨረሻው ደቂቃ ይግባ። ሌላ ዕቃ ላይ ገልብጡና የሚቀጥለውን ክፍል ጀምሩ።

መልኩ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ሆኖ አረንጓዴና ብርቱካናማ ጣል ጣል ያለበት ይሁን። እንደ እርድ ደማቅ ቢጫ ከሆነ ካሪው በዝቷል፣ ምሬትም ይኖረዋል።

ሲተርፍ

የተረፈ ሩዝ ድስት ላይ አታሳድሩ። ጥሬ ሩዝ ውስጥ ባሲለስ ሴሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ይኖራል። ዘሩ በመቀቀል አይሞትም። ሩዙ ለብ ብሎ ሲቆይ ይራባና መርዝ ያመነጫል፣ ያ መርዝ ደግሞ በማሞቅ አይጠፋም። ስለዚህ በ1 ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ በማግስቱ ብሉት። ሲሞቅ እንፋሎቱ እስኪወጣ ድረስ ይሙቅ፣ አንዴ ብቻ።

ለጾም ከሆነ

ዶሮና ጉበቱ ይቀራሉ፣ መረቅ ግን አይቅር። 1 ቀይ ሽንኩርት፣ ባሮ ሽንኩርት፣ ካሮት፣ ጥቂት ዝንጅብል፣ ጦስኝና ካሪ በ6 ኩባያ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቀቅላችሁ አጥሩት። የዶሮ ጣዕም ያለውን ማጊ ተዉትና የአትክልቱን ተጠቀሙ። በጉበቱ ፋንታ እንጉዳይ በትንንሹ ከትፋችሁ ውሃው እስኪደርቅ ለብቻው ጥበሱት። ናይጄሪያ ውስጥ በኮኮናት ወተት የሚሠራ ፍራይድ ራይስም አለ፣ ለጾም በጣም ይሆናል። ከመረቁ አንዱን ኩባያ በኮኮናት ወተት ተኩት። ወተቱ ራሱ ቅባት ስላለው ለጥብሱ የሚሆነውን ዘይት በግማሽ ቀንሱ።